ጉግል ስኮላር፦ ሁለት ሳምንት የትከሻ ጥናት ስፈልግበት ያየሁት

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ባህር ዳር ነው ምሰራው። ሐምሌ ላይ ለስራ ባልደረቦቼ ስለ ሮቴተር ከፍ መቀደድ ሴሚናር አቅርቢ ተባልኩና ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ጉግል ስኮላር (የጉግል የጥናት ጽሁፍ መፈለጊያ) ላይ አፍጥጬ ከረምኩ፣ ስለዚ ስለሱ ልጻፍ፣ በተለይ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳም ፖሊም ግቢ ላላችሁ ተማሪዎች ይጠቅማችኋል። ሮቴተር ከፍ ማለት ትከሻን ዙሪያውን አቅፈው የያዙ አራት ጡንቻዎች ከነጅማታቸው ናቸው።

ሴሚናሩ ብቻ አልነበረም ያስጨነቀኝ። አጎቴ ዘጌ በኩል ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ ሲቀዝፉና መረብ ሲጎትቱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ስልሳን አልፈዋል፣ ቀኝ ትከሻቸውን አሟቸው አንድ ቦታ አልትራሳውንድ ታዩና "ጅማቱ ተቀዷል፣ ያለ ኦፕራሲዮን አይድንም" ተባሉ። ላም ሊሸጡ ነበር። "ልጄ፣ የተቀደደውን ሊሰፉ ደሞ እኔን ሊቀዱኝ ነው?" ሲሉኝ "ጋሼ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ ላንብብ" አልኳቸው።

ስኮላር 2004 ላይ የተጀመረ ነው፣ ነጻ ነው፣ ገጹ ቀላል ስለሆነ ኔትወርክ ደከም ሲልም በስልክ ይከፈታል። ትልቁ ነገሩ ግን ከእያንዳንዱ ጽሁፍ ስር "ሳይትድ ባይ" ሚለው ቁጥር ነው፣ ያን ጥናት ስንት ሌላ ጽሁፍ እንደጠቀሰው ያሳያል። እኔም መጀመሪያ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ሁሉ እንደ እውነት ነበር የያዝኩት፣ እያነበብኩ ስሄድ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የኮንስታንትና የመርሊ የ1987 ጽሁፍ በሺዎች ተጠቅሷል፣ ግን ስለ ህክምና ምንም አይነግራችሁም፣ ትከሻን ከ100 ነጥብ መለኪያ ነው፣ በሱ የለካ ሁሉ ስለሚጠቅሰው ነው የበዛው። የጉታሊየ የ1994ቱም እንደዛው፣ ጡንቻው ውስጥ የገባውን ስብ ከ0 እስከ 4 ደረጃ ሚያወጣ። የኒር የ1972ቱ ደግሞ ከጅማቱ በላይ ያለውን አጥንት ጠረብ ማድረግ ሚለውን ኦፕራሲዮን ያስፋፋ ነው፣ እሱን ከፍታችሁ "ሳይትድ ባይ" ንኩና ከጠቀሱት ውስጥ ብቻ ፈልግ ሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋችሁ ፕላሴቦ (የማስመሰል ህክምና) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ያኔ ነው ጉዱ ሚወጣው። 2018 ላይ ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ያወጣው ሙከራ ኦፕራሲዮኑን መሳሪያ አስገብቶ አይቶ ብቻ ከመውጣት ጋር አወዳድሮ ለታካሚው ሚታወቅ ልዩነት አላገኘም (ሙሉ ለሙሉ የተቀደደባቸው ስላልተካተቱ ለአጎቴ በቀጥታ አይሆንም)። የተጠቀሰ ሁሉ የተስማሙበት አደለም።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን የጋላትዝ የ2004ቱ ነው። ሰፊ ቅዳድ በመሳሪያ የተሰፋላቸው 18 ሰዎች፣ በኋላ በአልትራሳውንድ ሲታዩ 17ቱ እንደገና ተቀዷል! ግን በዓመቱ አብዛኞቹ ህመማቸው ቀሎ ክንዳቸውን በደንብ ያነሱ ነበር። ይሄንን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ምስሉና ህመሙ አንድ እንዳልሆኑ ከዚ በላይ ሚያስረዳ አላገኘሁም።

ሚጎድለው፦ በጥቅስ ብዛት ማሰለፍ አይቻልም፣ ወይ በተዛማጅነት ወይ በቀን ነው። የመመረቂያ ጽሁፍም መጽሐፍም ስለሚቆጥር ቁጥሩ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከሚባለው ሌላ ጥቅስ ቆጣሪ ከፍ ይላል። አሮጌ ጽሁፍ ብዙ ዓመት ስለሰበሰበ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፣ እኔ ቁጥሩን ጽሁፉ ከወጣ ላለፈው ዓመት ብዛት እያካፈልኩ ነው ያወዳደርኩት። ክፍያ ሚጠይቀውን ደሞ በዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ በኩል ሂናሪን ሞክሩ፣ የጤና መጽሔቶችን በነጻ ወይ በርካሽ ለማንበብ ለኛ አይነት ሀገር ተብሎ 2002 ላይ የተጀመረ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።

ለአጎቴ የጠቀሟቸው ሁለት ናቸው። 1995 ላይ ትከሻቸውን ምንም ያላመማቸው 96 ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ ከ60 ዓመት በላይ ካሉት 54 በመቶው ቅዳድ ነበራቸው። የኩን የ2013ቱ ደሞ ሳይወድቁ ጅማታቸው ሙሉ ለሙሉ የተቀደደባቸውን 452 ሰዎች በእንቅስቃሴ ህክምና አስጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ኦፕራሲዮን የሄዱት ከሩብ በታች ናቸው። (ከሞተር ወድቆ ድንገት ክንዱን ማንሳት ያቃተው ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቶሎ ሀኪም ይየው።) ይሄን በአማርኛ አስረድቻቸው ስፖርቱን ጀመርን፣ አሁን ስምንተኛ ሳምንታቸው ነው፣ በቀኝ ጎናቸው መተኛት ችለዋል፣ መቅዘፊያውን ግን ገና አልፈቀድኩላቸውም። ላሟ አልተሸጠችም።