ለድሬ አሸዋ የትኛው ዊንች ይሻላል፦ የኤሌክትሪክ ወይስ የሃይድሮሊክ?

ከድሬዳዋ ወደ ሽንሌና ኤረር አካባቢ የሚመላለስ ሰው አሸዋ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከአስፋልቱ ወጥተው ደረቅ ወንዝ ሲገቡ ጎማው አንዴ ከሰመጠ አካፋና የሰው ጉልበት አያወጣውም። ዊንች፣ ማለትም መኪናው ላይ ተገጥሞ ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት መሣሪያ፣ ማስገጠም የሚፈልግ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ የኤሌክትሪኩን ልግዛ ወይስ የሃይድሮሊኩን?

መልሴን ላስቀድም። ላንድክሩዘር ወይም ፒካፕ ይዞ አልፎ አልፎ ለሚሰምጥ ሰው የኤሌክትሪኩ ይበቃዋል። የሰው መኪና መጎተት ሥራው ለሆነ ወይም ጭነት አይሱዙ ለሚያሰማራ ግን የሃይድሮሊኩን ነው የምመክረው። ጉልበታቸው ሊመሳሰል ይችላል። የሚለያቸው ሳያርፉ ስንት ደቂቃ መጎተት እንደሚችሉ ነው።

የመጎተት አቅሙ 4,300 ኪሎ የሆነ ባለ 12 ቮልት ዊንች ሙሉ ጭነት ሲያርፍበት 400 አምፔር አካባቢ ይስባል። የመኪናው ዲናሞ 100 አምፔር ገደማ ቢሰጥ ነው፤ የቀረው ከባትሪው ይወጣል። ስለዚህ ሲጎትቱ ሞተር አያጥፉ። ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ባትሪው ሳይሆን የዊንቹ ሞተር ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ አጥብቆ ከጎተተ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም፤ በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ትንሽ ጎትቶ ማሳረፍ፣ ደግሞ ትንሽ መጎተት ነው መላው። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር በዋጋ ይቀንሳል፣ ግን ከባለ ጥቅልል ሽቦው ቀድሞ ይግላል፤ ለዚህ አገር ሁለተኛውን ምረጡ። አሸዋ ላይ የኖረ ዊንች ሲከፈት ከሞተሩ ካርቦን (ብሩሽ) የሚወጣው ብናኝ ከደቃቅ አፈር ጋር ተጋግሮ ይገኛል። በዓመት አንዴ ማስጠረግ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ብዙ።

የሃይድሮሊኩ ሞተር በዘይት ግፊት ስለሚዞር እረፍት አያበዛም፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ እስካልጋለ ድረስ ቀስ እያለ ይጎትታል፣ ውሃና ጭቃም ብዙ አያስቸግረውም። ጥያቄው ግፊቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ካምቢዮው ላይ ፒቲኦ (የሞተሩን ጉልበት ለሌላ መሣሪያ የሚያካፍል ማውጫ) ላለው አይሱዙ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፖምፓ፣ የዘይት ታንክና ቱቦ ተገጥሞለት ለዓመታት ያገለግላል። ከመሪው ፖምፓ ዘይት ወስዶ ለፒካፕ ማስገጠምን ግን አልደግፍም። ያ ፖምፓ የተሠራው ለመሪ ነው፤ ለረጅም ጉተታ ሲያገለግል ዘይቱ ይፈላል፣ ጉዳቱም ወደ መሪው ይሻገራል። ቱቦ ከፈነዳም በረሃ ላይ የሚተካ አይገኝም።

የሃይድሮሊኩ ትልቁ ድክመት የመኪናው ሞተር ሲጠፋ አብሮ መሞቱ ነው። የኤሌክትሪኩ ባትሪ እስካለ ድረስ ሞተሩ የጠፋን መኪናም ያወጣል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ለቀረ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን በየትኛውም ዊንች አትመኩ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ መኪናውን ትታችሁ ዳር ውጡ።

መጠን ስትመርጡ መኪናው ሙሉ ጭኖ የሚመዝነውን በአንድ ተኩል አባዙት፤ 3 ቶን ከሆነ 4.5 ቶን የሚጎትት ያስፈልጋል። ዊንቹ ላይ የተጻፈው አቅም ገመዱ በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ አንድ ድርብ ብቻ ሲቀር ያለው ነው፤ ገመዱ በላይ በላዩ ሲጠቀለል ጉልበቱ በየድርቡ ይቀንሳል። ስለዚህ ገመዱን በደንብ ዘርግታችሁ ጎትቱ፣ ከበሮው ላይ ግን ቢያንስ አምስት ዙር ይቅር። አንድ ፑሊም (ገመድ የሚዞርበት ተሽከርካሪ) ግዙ፦ ገመዱ በሱ ዞሮ ወደ መኪናው ሲመለስ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ለኤሌክትሪኩ ይህ እረፍት ማለት ነው። ገመዱ ሲወጠር ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም አፈር የያዘ ማዳበሪያ መሃሉ ላይ ጣል አድርጉበት፣ ሰውም ይራቅ፤ የብረት ገመድ ሲበጠስ እግር ይቆርጣል።

ወንዙ ዳር ማሰሪያ ዛፍ ከሌለስ? መለዋወጫ ጎማው መሃል ገመድ አስራችሁ ጎማው ቆሞ ሙሉ በሙሉ በሚሰወርበት ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፣ ገመዱ የሚወጣበትን ቦይ ወደ መኪናው በኩል ቆፍሩለት። በደንብ ከተደመደመ የሰመጠ ላንድክሩዘር ያወጣል።

ያገለገለ ዊንች የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ባዶ ገመድ ጠቅልሎ ስላሳያችሁ እንዳትረኩ። ቆሞ ፍሬን የያዘ መኪና እንዲስብ አድርጉ። ለኤሌክትሪኩ የባትሪውን ሽቦ ዳስሱ፤ ሞተሩ ሳይግል ሽቦው ከጋለ የሽቦው ውፍረት ወይም መገጣጠሚያው ችግር አለበት። ለሃይድሮሊኩ ደግሞ ጭነቱ እንዳለ ማዘዣውን ልቀቁና ቆማችሁ እዩ፤ ገመዱ ቀስ እያለ ከተመለሰ ፍሬኑ አይዝምና አትግዙ።