ሲልከን በቃኝ፦ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን ማፍሰስ ያቆመበት ጥገና

ቤታችን ኤል ቅርጽ ነው። ሁለቱ ክዳን በሚገናኙበት ጥግ ያለው የላሜራ ቦይ ሦስት ክረምት አሰቃይቶናል። ባሕር ዳር ሐምሌ ላይ ሲያወርደው ታውቁታላችሁ፤ የጣራው ግማሽ ውሃ በዚያች ቦይ ነው የሚያልፈው። ሳሎን ውስጥ ሳፋና ባልዲ፣ ሲብስም ድስት ደርድረን ቡና ጠጥተናል።

አምና ነሐሴ ያመጣነው ልጅ በአንድ ሰዓት ጨርሶ ሄደ። ሲልከን ለቀለቀ፣ ላዩ ላይ ሬንጅ ደፋ፣ ብሩን ተቀበለ። የበጋው ፀሐይ ሰነጣጠቀው። ሲልከኑም ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ነበር፤ ለካ እሱ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል!

ዘንድሮ ጎረቤት የጠቆመችን ሽማግሌ ቆርቆሮ ሠሪ መጡ። መጀመሪያ ምንም አልነኩም። ረዳታቸውን ጣራ ላይ አውጥተው ከታች ወደ ላይ ክንድ በክንድ ውሃ በጆግ እያስፈሰሱ፣ እሳቸው ኮርኒሱን ከፍተው በባትሪ ሲያዩ ቆዩ። ውሃው የሚንጠባጠበው ሶፋው ላይ ነው፤ ቀዳዳው ግን 2 ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። እንጨቱን ተከትሎ ነበር የሚወርደው። ይባስ ብሎ የታችኛው ላሜራ ከላይኛው ላይ ተደርቧል። ውሃውን ራሳችን ወደ ቤት ጋብዘነው ኖረናል።

«ጋሼ፣ ጥሩ ሲልከን ገዝተን ብንደፍነውስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማስቲካ ለጥርስ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። 6 ሜትር የብረት አሸንዳ በሌሊቱ ብርድና በቀኑ ፀሐይ መካከል 40 ዲግሪ ልዩነት ካገኘው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የደረቀ ልጥፍ ይህን አይችልም። በፈረንጅ አገር የድሮ ቤተ ክርስቲያን ጣራ የሚለብሰው እርሳስማ ከብረት ከእጥፍ በላይ ስለሚለጠጥ፣ በአጭር በአጭሩ ቆርጠው ነው የሚያነጥፉት።

አሮጌውን ነቅለው ባለ 28 ጌጅ ላሜራ አስገቡ (ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል)። ውሃው እንዳይሻገር ዳርና ዳሩን ወደ ላይ አጠፉት። ላይኛውን በታችኛው ላይ 15 ሴንቲ ደረቡ። የአሸንዳውን መጋጠሚያ በየዱት፣ በየሜትሩም ግማሽ ሴንቲ ያህል ዘቅዘቅ አደረጉት። ከውስጡ የወጣው የማንጎ ቅጠል አንድ ማዳበሪያ ሞላ። እማዬ ከአሸንዳው የምትጠልፈውን ውሃ ለልብስ እንጂ ለመጠጥ እንዳታደርገው አስጠንቅቀዋታል፤ ብየዳው እርሳስ አለበት።

ቅሬታ የለኝም አልልም። «ነገ» እያሉ ሦስት ቀን አስጠብቀውናል፣ የላሜራ ቁርጥራጩን ግቢ ውስጥ በትነው ሄደዋል፣ ዋጋቸውም የአምናው ልጅ እጥፍ ነው። ግን ባለፈው ሳምንት ከጣና በኩል የመጣው ዶፍ ሌሊቱን ሲቀጠቅጥ ተነሥቼ ኮርኒሱን በባትሪ አየሁት። ደረቅ። ልታሠሩ ካሰባችሁ ግንቦት ሳያልቅ ጥሯቸው፤ ሐምሌ ላይ ብትለምኗቸውም ጣራ ላይ አይወጡም።