ጢባርዮስ፣ ማርክ አንቶኒ ወይስ ጎርዲያን? የሮማን ብር ለሚገዛ

በልጅነታችን ሳንቲም ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንባባል ነበር። የሮማን የብር ሳንቲም የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘውዱን፣ ማለትም የገዢውን ፊት አይቶ ይወስናል። እኔ ጎፈሩን፣ ማለትም የጀርባውን ምስል አስቀድማለሁ።

በጣም የሚፈለገው የጢባርዮስ ቄሣር (የነገሠው እ.ኤ.አ. 14–37) ዲናር፣ ማለትም የሮማ የብር ሳንቲም ነው። ሻጮች፣ ፈሪሳውያን ስለ ግብር ሲጠይቁት ጌታ «መልኩ የማን ነው?» ያለበት ሳንቲም ይህ ነው ይላሉ። ወንጌሉ ዲናር ይላል እንጂ የየትኛው ቄሣር እንደሆነ አይለይም። ቢሆንም ጽሑፉ ያስገርማል፦ በፊቱ ዙሪያ «የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» ይላል፤ ከጀርባው «ሊቀ ካህናት» ከሚለው ማዕረግ ጋር በትርና ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ተቀምጣለች። ብዙዎች እናቱ ሊቪያ ናት ይላሉ። ሳንቲሙ ብርቅ አይደለም፤ ዋጋውን የሰቀለው ታሪኩ ነው። ለመታሰቢያ የሚሸጥ ቅጂም ሞልቶታል፤ ስለዚህ አስመዝኑት። 3.7 ግራም አካባቢ ካልሆነ፣ ወይም ጠርዙ ላይ የቅርጽ ማፍሰሻ መስመር ካለ ተዉት።

ለምስል ከሆነ የሮማዊው የጦር መሪ የማርክ አንቶኒ የጦር ሠራዊት ዲናር ይሻለኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 እና በ31፣ ከአክቲየም ጦርነት አስቀድሞ ለወታደሮቹ ደመወዝ ያስመታው ነው። ፊት የሚባል የለውም! በአንዱ ገጽ መርከብ፣ በሌላው በሁለት ዓርማዎች መሃል ንስርና የሌጌዎኑ (የሮማ ጦር ክፍሉ) ቁጥር። ብሩ ከሌላው ዝቅ ያለ ስለነበር ሰው ጥሩውን እያስቀመጠ በዚህኛው ይከፍል ነበር፤ እንዲህ ሲዞር ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። አብዛኛው ከእጅ እጅ ሲዞር የተፋቀ ነው፤ መፋቁ አያስፈራችሁ፣ ቁጥሩ ለሚነበብ ግን ጨምራችሁ ክፈሉ። (ዲናር እኛም አካባቢ ደርሷል፤ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ፣ እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጥቂት ዲናር ወደ አዱሊስ ይገባ እንደነበር ይናገራል።)

ኪሱ ለሳሳ ጎርዲያን ሣልሳዊ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ238 በ13 ዓመቱ የነገሠው ልጅ። ሳንቲሙ አንቶኒኒያኑስ ይባላል። በልጁ ራስ ላይ ያለው አክሊል የፀሐይ ጨረር ነው፤ ጨረሩ ሳንቲሙ በሁለት ዲናር እንደሚመነዘር ምልክት ነበር፣ ከቅይጡ ውስጥ ግን ብሩ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጎፈሩ ዓይነቱ ብዙ ነው፦ መብረቅ የጨበጠ ጁፒተር፣ ሉል የያዘ የፀሐይ አምላክ፣ በሴት መልክ የተሣለች፣ መልሕቅ የያዘች ደስታ። በአንድ ጢባርዮስ ዋጋ ሦስቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ።