ጥብቅ ኅብረት ወይስ የሁለትዮሽ ስምምነት?

የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤታሞች በየትኛው ይተሳሰሩ የሚለው ጥያቄ ከወጪ ይልቅ በመተማመን ላይ የሚያርፍ ይመስለኛል።

ጥብቅ ኅብረት፦ ገበያን ያሰፋል፤ ነገር ግን አባል አገር የገቢ ዕቃ ቀረጡን ብቻውን መወሰን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በአባላቱ አለመግባባት በ1977 ፈርሶ፣ ዳግም ከቆመ በኋላ በ2005 የጉምሩክ ኅብረት፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የጋራ ቀረጥ የሚጣልበትን ሥርዓት፣ ጀመረ። በ2022 ወደ ምሥራቅ ኮንጎ የላከው የጋራ ጦር በቀጣዩ ዓመት መውጣቱ ግን፣ አባላት እርስ በርስ በተቃቃሩበት ጊዜ የጋራ ጸጥታን ማስከበር ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል፤ ይህ እጅግ ያሳስበኛል።

የሁለትዮሽ ስምምነት፦ ለመፈራረም ይቀላል። ሞያሌ ላይ የጭነት መኪና ሾፌር የኢትዮጵያንና የኬንያን ፍተሻ በአንድ ጣቢያ እንዲጨርስ የታቀደው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱ ወገን ሲቀየም ግን ብዙ ጊዜ አስታራቂ ተቋም የለም።

ድንበራቸው ለሰከነና ንግዳቸው ለተሳሰረ አገሮች ኅብረቱ ይበጃል፤ የወሰን ውዝግብ ላልፈቱት ስምምነቱ ይቅደም።