ባትሪ ነቅዬ ሪሞቱ እምቢ ሲለኝ የደረሰልኝ ልጅ

ላመሰግነው የፈለግኩት ሰው አለ። በመጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዬን ኮፈን ከፍቼ የባትሪውን ተርሚናል ላጸዳ ተነሳሁ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወሮታል። ኔጌቲቩን ፈታሁ፣ ፖዘቲቩን ፈታሁ፣ አጽድቼ መለስኩ። መጨረሻ ላይ ኔጌቲቩን ገና ከማስነካቴ አላርሙ ጮኸ። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል። ሪሞቱን ብጫን ብጫን ወይ ፍንክች! በሩን በቁልፍ ከፈትኩት፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ጎረቤት በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አለ። የራሴን መኪና የምሰርቅ መሰልኩ።

መጀመሪያ የደወልኩለት ባለሙያ መኪናውን ሳያይ "አላርሙ ተቃጥሏል፣ ሙሉ ለሙሉ ይቀየር" አለኝ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ደግነቱ አንድ ጓደኛዬ የዚህን አውቶ ኤሌክትሪሺያን ስልክ ላከልኝ።

ልጁ መጥቶ መፍቻ አላነሳም። "ጋሼ፣ ባትሪውን ሲነቅሉ አላርሙ ተቆልፎ ነበር?" አዎ፣ ነበር። "ከመኪናው ጋር የመጣ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ?" በኋላ የተገጠመ። ሳቅ አለ። እንዲህ ያሉ አላርሞች ብዙዎቹ ኃይል ሲቋረጥ የነበሩበትን አይረሱም አለኝ። ተቆልፎ ከተነቀለ፣ ኃይል ሲያገኝ ተቆልፎ ይነሳል። ሌባ የነካው ይመስለዋል። ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚሄደውን መስመር የሚቆርጠውም አላርሙ ራሱ ነው።

ከዚያ መለካት ጀመረ። ዋናው ባትሪ 12.5 ቮልት፣ ደህና ነው። የአላርሙ ፊውዝም ደህና ነው። ሪሞቱን ከፈተና ውስጥ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ለካ። 3 ቮልት ልትሆን የሚገባት 2.4 ላይ ወርዳለች። የሪሞቱ መብራት ግን ይበራ ነበር፤ እኔን ያሞኘኝ እሱ ነው። አዲስ ሲአር 2032 ከኪሱ አውጥቶ ቀየረልኝ።

አሁንም እምቢ። ልጁ ግን አልደነገጠም። ከመሪው ስር እጁን ሰዶ ዳበስ ዳበስ አደረገና አንዲት የአላርሙ መጫኛ (በተን) አገኘ። ስንት ዓመት ስነዳ እዚያ መኖሯን አላውቅም! የመኪናውን ቁልፍ ኦን ላይ አድርጎ በተኗን ተጫናት። ጸጥ። ሞተሩም ተነሳ። ቀጥሎ እሷኑ ደጋግሞ ተጭኖ ሪሞቱን እንደ አዲስ አስመዘገበ፤ ፍሬቻው ብልጭ ብሎ መለሰለት። ስንቴ እንደሚጫኑ ከአላርም አላርም ይለያያል፣ መመሪያውን አይጣሉ አለኝ። (ጥዬዋለሁ።) ሁለተኛውን ሪሞትም አምጣ አለኝ፤ አንዳንዱ አላርም አዲስ ሲመዘገብ የድሮውን ይሰርዛል።

ጨርሶ ሊሄድ ሲል ኔጌቲቩን በጣቱ ነካ አደረገው። ዞረ። አላጠበቅኩትም ነበር ለካ። "እንዲህ ከተውት ነገም ያስጮኽዎታል" ብሎ በ10 ቁጥር መፍቻ አሰረው።

አንድ እንከን አለበት፤ ሰዓት አያከብርም። 4 ሰዓት ካለ 5 ተኩል ጠብቁት። ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።