ከናይሮቢ መልስ ደሴ ላይ የበላሁት የፍየል ጥብስ

እኔ ምግብ ቤት ገምግሜ አላውቅም፣ በልቼ ሂሳቤን ከፍዬ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ግን ከናይሮቢ ከተመለስኩ ወዲህ ሁሉንም ነገር ማወዳደር ጀምሬያለሁ፣ ሚስቴም ሰልችቷታል። የቤቱን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ከአባቴ ጋር አንድ እድር ናቸው፣ ነገ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን መተፋፈር አልፈልግም። ፒያሳ አካባቢ የባቲ ፍየል የሚያርድ ቤት ብላችሁ ጠይቁ፣ የደሴ ልጅ ከሆነ እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል።

መጀመሪያ የናይሮቢውን ልንገራችሁ፣ ካልሆነ ቅሬታዬ አይገባችሁም። የአክስቴ ልጅ እዛ ኢስሊ የሚባል ሰፈር ነው የሚሰራው፣ ስንት ዓመት ና ና ሲለኝ ኖሮ ዘንድሮ ሄድኩለት። ከቦሌ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ እኔ ከደሴ ቦሌ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነበርኩ። ከተማዋ ከፍታዋ ከኮምቦልቻ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ እኔ ደግሞ ኬንያ ሙቀት ነው ብዬ ሁለት ቲሸርት ይዤ ሄጄ ማታ ማታ በዘመዴ ጃኬት ነው የዞርኩት። መኪና በግራ ነው የሚነዱት፣ በለመድኩት ወደ ግራ አይቼ እግሬን ሳነሳ በቀኝ በኩል አንዱ ማታቱ ጆሮዬ ስር አንባረቀብኝ፣ ማታቱ ማለት የነሱ ታክሲ ነው፣ ከላይ እስከ ታች በስዕል ያበደ፣ ሙዚቃው ደረት የሚያንቀጠቅጥ፣ የኛ ሚኒባስ ረዳት ከነሱ ረዳት ጋር ሲተያይ መነኩሴ ነው በቃ። ፓርካቸው ገባሁ፣ ከ1946 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከመሀል ከተማው ቅርብ ስለሆነ ቀጭኔ ቆሞ ከኋላው ፎቅ ይታያል፣ ፎቶውን ያሳየሁት ሰው ሁሉ ቅንብር ነው ብሎኛል። አንበሳ አላየሁም። ተኝቷል አሉኝ።

ወደ ሥጋው ልግባ። ዘመዴ ኬንያታ ማርኬት ወሰደኝ፣ እዛ ኛማ ቾማ ይሉታል፣ የተጠበሰ ሥጋ ማለት ነው፣ ፍየሉን ደግሞ ምቡዚ ይሉታል። ገብታችሁ የተሰቀለውን ታያላችሁ፣ ይሄ ይቆረጥልኝ ትላላችሁ፣ ሰውዬው አይናችሁ እያየ ይመዝናል፣ ከዛ በጨው ብቻ ከሰል ላይ ይሄዳል። ከሰዓት በላይ ይፈጃል ግን ማንም አይነጫነጭም፣ ሥጋችሁን አይታችሁታል፣ የትም አይሄድም። ሲደርስ ልጁ የእንጨት ጣውላ ይዞ ይመጣና እፊታችሁ ቁጭ አድርጎ በትልቅ ቢላ ቋ ቋ ቋ እያረገ ይከትፈዋል፣ ጣውላው ጥግ ላይ አንድ ቁንጥር ጨው ጣል ያደርጋል፣ እሱን እየነካችሁ ነው የሚበላው። ጎኑ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ከድንብላል ቅጠል ጋር አለ፣ ካቹምባሪ ይባላል፣ አሪፍ ነው። ኡጋሊ የሚሉት ግን በቃ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ቅቤ የለው በርበሬ የለው፣ እኔ የወሎ ልጅ ገንፎ መሀሉ ጉድጓድ ሳይኖረው ሳይ ሆዴ ተላወሰ፣ በአውራ ጣቴ ራሴ ጎድጎድ ሳደርገው ለካ እነሱም እንደዛ ነው የሚበሉት፣ ጉርሻውን ጎድጎድ አድርገው ወጥ ያፍሱበታል። ጎመናቸውን ሱኩማ ዊኪ ይሉታል፣ ሳምንቱን ግፋው እንደማለት ነው አለኝ ዘመዴ፣ ደሞዝ ሳይደርስ የሚበላ። ለኛ ሽሮን እንዲህ ብሎ የሰየመ ሰው አለመኖሩ ገረመኝ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ እያለ ነው በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ከሚስቴና ከወንድሟ ጋር ደሴው ቤት የገባሁት። አንድ ኪሎ ፍየል አዘዝን። ይመዘንና ልየው ስላት አስተናጋጇ ልጅ እንደ እብድ አየችኝ፣ “አብሽር ጋሼ፣ አንድ ኪሎ ነው፣ እኔ ልሙትልህ” አለችኝና ሄደች። ሚዛኑ ያለው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። አርባ ደቂቃ ጠበቅን፣ ውሃ እንኳን ሁለቴ ጠይቀን ነው የመጣው።

ሲመጣ ግን እውነቱን ልናገር። ሸክላው ውስጥ ፍሙ ቀልቶ ከላዩ ሥጋው እየተንጫጫ፣ የጥብስ ቅጠሉ ጫፉ ነዶ፣ ቃሪያው ሳይሞት ለብ ብሎ፣ ጎድኑ ላይ ያለችው ቀጭን ጮማ ተጠቅልላ እንደ ቆሎ ነው የምትሰበረው። የባቲ ፍየል ግራር በልቶ ያደገ ነውና የራሱ ሽታ አለው፣ ናይሮቢ ያን አላገኘሁም፣ እዛ ሥጋው ለስላሳ ነው ግን ጨውና ጭስ ነው የሚቀምሰው አፋችሁ። አዋዜው ደግሞ እጅ ያስቆረጥማል፣ የሚስቴ ወንድም ሥጋው ካለቀ በኋላ በባዶ እንጀራ ጠራርጎታል። እንጀራው ቀዝቃዛ ነበር፣ የጠዋት ይመስለኛል። ብዛቱ ግን ኪሎ አይደለም፣ በጭራሽ። አጥንቱን ለቅሜ ቆጥሬዋለሁ፣ ለሦስት ሰው ከአራት ከአራት ጉርሻ ብዙም አላለፈም፣ ዋጋው ደግሞ ከአካባቢው ሥጋ ቤቶች ወደድ ይላል።

ያስታረቀኝ ቡናው ነው። የኬንያ ቡና ዓለም የሚሻማበት ነው አይደል፣ ናይሮቢ የገባሁበት ቤት ሁሉ ግን ሰዉ የሚጠጣው ሻይ በወተት ነው፣ ቡናው አብዛኛው ተጭኖ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ሆቴል ውስጥ የሰጡኝም የዱቄት ነበር፣ ስምንት ቀን ሙሉ ራሴን አሞኛል። እዚህ እናትየው ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ትቆላለች፣ ጭሱን እየዞረች ታሸታችኋለች፣ ጀባ ስትላችሁ ስኒው እስከ አፉ ሞልቶ ነው፣ በረካው ድረስ ነው የቆየነው። ሂሳብ ስንከፍል በቴሌብር ልላክ ስል ኔትወርክ የለም ተባልኩ፣ ናይሮቢ መንገድ ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ እንኳን በኤምፔሳ ነው የተቀበለችኝ ብዬ ልናገር ስል ሚስቴ እግሬን ረገጠችኝ። ካሽ ያዙ።

ትናንት ደግሜ ሄድኩ፣ ብቻዬን። በቀጥታ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና ግማሽ ኪሎ መዝንልኝ እያየሁ አልኩት ሥጋ ቆራጩን። ሳቀ፣ ሚዛኑን ወደኔ አዞረው፣ 430 ግራም ይላል። ዝም ብዬ አየሁት። “ኬንያ ድረስ ሄደህ ይሄን ነው የተማርከው?” አለኝ፣ ወሬው ለካ ቀድሞኝ ደርሷል፣ ከዛ አንድ የጎድን ቁራጭ ጣል አደረገበትና 560 ሆነ፣ “በል ትርፉ የአባትህ ነው” አለኝ።