«ለፋሲካ ትወልድልሻለች» ተብላችሁ ጊደር ልትገዙ ለምትሄዱ

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ አካባቢ በትንሽ ግቢ ሁለት ሦስት ላም የምታረቡ፣ እርጉዝ ጊደር ለመግዛት ብር ያዘጋጃችሁ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ 185 ሺህ ብር ከፍዬ ያወቅኩትን እናንተ በነጻ ያዙት።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ነበር። በጾም ወተት ገዢ ያጣል፣ ከብትም ይረክሳል። ደላላው ደወለና «እህቴ፣ ሰባት ወር የያዘች የፈረንጅ ዲቃላ ጊደር አግኝቼልሻለሁ። ለፋሲካ ትወልድልሻለች» አለኝ። ሂሳቡ ልክ መጣልኝ። ጾሙ 55 ቀን ነው፣ እሷ የቀራት ሁለት ወር። ጾም ሲፈታ ወተቱ እጄ ላይ ነው ብዬ ተነሳሁ።

እርባታው ጋ ስንደርስ ጊደሯ ታጥባ ጠበቀችን። ጥቁርና ነጭ፣ ፀጉሯ የሚያበራ። ሐኪም ይዤ ሄጃለሁ። በእጁ መርምሮ «እውነት ነው፣ ይዛለች፣ ሰባት ወር ይሆናታል» አለ። እኔም ጥያቄዬን እዚያ ላይ አቆምኩ። ዕድሜዋን «ሁለት ዓመት ተኩል» አሉኝ፣ አመንኩ። ማርገዟን አረጋገጥኩ፣ ለማርገዝ መድረሷን ግን አልጠየቅኩም።

በሳምንቷ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ሊያይዋት መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከብት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ምንም ሳይሉ የታች ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ጥርሷን አዩ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ይቺ እኮ የወተት ጥርሷን አልጣለችም» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስምንቱም የፊት ጥርሶቿ ትናንሽ ናቸው። ከብት መካከለኛዎቹን ሁለቱን ጥሎ ትልልቆቹን የሚያወጣው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የተባለችው ጊደር ሁለት ዓመትም አልሞላት።

ዕድሜዋ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በደንብ የበላች ጊደር በ14 እና በ15 ወሯ ብትጠቃ፣ ማለትም በኮርማ ወይም በአዳቃይ ብታረግዝ፣ ችግር የለውም፣ በሁለት ዓመቷ ትወልዳለች። ዋናው ነገር ክብደቷ ነው። ጊደር መጠቃት ያለባት ጎልማሳ ላም ስትሆን ከሚኖራት ክብደት ከ55 እስከ 60 በመቶው ላይ ስትደርስ ነው። የእኛ ዲቃላ ላም አድጋ 450 ኪሎ ትሆናለች ብንል፣ ጊደሯ ከ250 እስከ 270 ኪሎ መግባት አለባት ማለት ነው።

ሚዛን የለኝም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ግን አለኝ። ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷን ዙሪያውን ለካሁ፣ 150 ሴንቲ ሜትር። ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ደግሞ 120። ደረቱን በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ከዚያ ለ10,840 አካፍሉት። ግምት ነው፣ ግን ከዓይን ይሻላል። የእኔዋ 249 ኪሎ መጣች። ሰባት ወር ይዛ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ጥጃ ተጨምሮ! ገና ልትጠቃ ስትል ሊኖራት የሚገባውን ክብደት እንኳ አልደረሰችበትም።

ይህ የሚደረገው ባለማወቅ ብቻ አይመስለኝም። ባዶ ጊደር ገዢ ይከራከርባታል፣ «እርጉዝ» ስትባል ግን ዋጋዋ ይሰቀላል። አራት አምስት ወር ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዙ ከመጠበቅ ኮርማ መልቀቅ ይቀላል። ጊደር ደግሞ ሰውነቷ ሳይደርስ ኮርማ ልትፈልግ ትችላለች። ኮርማ ፈለገች ማለት ደረሰች ማለት አይደለም። ሻጩ ይህን ያውቃል፣ እኛ ገዢዎቹ ነን የማናውቀው።

የሆሳዕና ማግስት ሌሊት ምጥ ጀመራት። ሁለት የፊት እግሮች ታዩ፣ ጭንቅላቱ ግን አልመጣም። እኔ «ራሷ ትወጣዋለች» ብዬ ጠበቅኩ። ይህንንም አታድርጉት። እግር ታይቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ለውጥ ከሌለ ሐኪም ጥሩ። ሐኪሙ ሲደርስ ሊነጋጋ ነበር። በገመድ ስበው አወጡት። ሴት ጥጃ ነበረች፣ ሞታ ወጣች። እናቲቱ ዳሌዋ ጠባብ ስለነበር ነርቭ ተጎድቶባት አራት ቀን መነሳት አቃታት። ጭድ አነጠፍንላት፣ በየጥቂት ሰዓቱ ጎኗን አገላበጥናት፣ ውሃ በባልዲ አፏ ድረስ ወሰድንላት። ዓይኗን እያየሁ ያደርኩትን ሌሊት አልረሳውም።

ተነሳች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን 15 ሊትር ትሰጣለች የተባለችው አራት ሊትር ሰጠች። ያላለቀ ሰውነት የሚበላውን መጀመሪያ ለዕድገቱ ነው የሚያውለው። ዳግም ኮርማ እስክትፈልግም ሰባት ወር ፈጀ። ደላላው? «እኔ እርጉዝ ነው ያልኩሽ፣ እርጉዝ ነበረች» አለኝ። ውሉም ላይ የተጻፈው «አንድ እርጉዝ ጊደር» ብቻ ነው።

ስለዚህ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ጥርሷን ራሳችሁ ግለጡ፣ ሻጩ ቢቆጣም። መቼ ተጠቃች፣ በማን ዘር ብላችሁ ጠይቁ። በአዳቃይ ቴክኒሻን ከሆነ የተዳቀለችበት ቀንና የኮርማው ቁጥር ይመዘገባል። ዘሩ ቃሊቲ ካለው የማዳቀያ ማዕከልም ይምጣ ከሌላ፣ ዘሩ የሚቀመጥበት ቀጭን ቱቦ (ስትሮው) ላይ ቁጥሩ አለ። «ኮርማ አገኛት» ካሏችሁ የጥጃውን ትልቅነት የሚያውቅ የለም ማለት ነው፣ የእኔን ጥጃ የገደላትም ይኸው ነው። ዕድሜዋንና የተጠቃችበትን ቀን ውሉ ላይ አስጽፉ። አልጽፍም ያለ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

እንደኔ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ጥጃው እንዳይተልቅ ብላችሁ መኖ አትቀንሱባት። ብዙ ሰው ይህን ይመክራል፣ ስህተት ነው። ጥጃው ከእናቱ ሥጋ እየወሰደም ያድጋል፣ እሷ ግን ለማማጥ አቅም ታጣለች። በልክ መግቧት፣ ለሐኪምም ቀኗን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቤቴ ያደገች አንዲት ጊደር አለችኝ፣ አሁን 13 ወሯ ነው። ሁለቴ ኮርማ ፈልጋለች፣ ሁለቴም አሳለፍኳት። ባለፈው እሁድ ስለካት 228 ኪሎ ሆናለች፣ እጠብቃታለሁ። ሱሉልታ አካባቢ ሆናችሁ ጊደር ልታዩ የምትሄዱ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ሜትሬን ይዤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።